የወለተ ሐና ካርድ

ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሌላ ሰው ላላክከው ብል እንኳ የእጅ ጽሕፈቴን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ የጥድ አምባ እድር ጸሐፊ ከሆንኩ ደግሞ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባለፈው ኅዳር በመተዳደሪያ ደንቡ የመጨረሻ ገጽ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ልጁን ኩፍኝ ያላስከተበ፣ የክትባት ካርድም ያላሳየ አባል፣ አስከትቦ እስኪያሳይ ድረስ እድሩ ለቅሶ አይደርስለትም፤ ቃሬዛም አይልክለትም።» አንድም ቃል አልሰረዝኩም።

ጥድ አምባ ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት መሀል ላይ ያለች ሰፈር ናት፤ መኪና አይደርስባትም። ሰው ሲታመም በሰው ትከሻ ሽቅብ ወደ አንኮበር ይወጣል፤ ተሸካሚዎቹን የሚመድበው እድሩ ነው። ሰው ሲሞትም ጡሩምባ የሚያስነፋው፣ መቃብር የሚያስቆፍረው፣ ድንኳን የሚተክለው እድሩ ነው። እኛ ዘንድ ከእድር የወጣ ሰው በቁሙ የሞተ ያህል ነው። ይህን አውቄ፣ እንዲያስፈራ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ምክንያት አልነበረኝም አልልም። በዚያው ወር ከእኛ በታች ባለው ቀበሌ ኩፍኝ ገብቶ በሦስት ሳምንት አራት ልጆች ጨርሷል። እኔ ኩፍኝን አውቀዋለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሁለት እኅቶቼን በአንድ ሳምንት ውስጥ ወስዶብኛል፤ ያን ጊዜ የሚወጉት መርፌ አልነበረም። ዛሬ መርፌው በነጻ እየተሰጠ፣ ያውም ሰው ቁልቁለት ወርዶ ደጃችን ድረስ እያመጣልን፣ ልጅ በኩፍኝ ሞተ ሲባል ስሰማ ያንገበግበኛል። አሁንም ያንገበግበኛል።

ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ወይራው ሥር ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛችንን ብዙአየሁን አስጠርቻት ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ በየቤቱ እየዞረች አስከትቡ እያለች ስትለምን የኖረች ልጅ ናትና ደንቡን ስታይ ደስ ይላታል ብዬ ነበር። እሷ ግን ተነሥታ ተቃወመችኝ።

«መምህር፣ እኛ ስንሠለጥን አስተምሩ እንጂ አስገድዱ አልተባልንም» አለች። «ዛሬ አላስከትብም የምትለኝ እናት ታኮርፈኛለች፣ በሯን ግን ትከፍትልኛለች። ካስገደድናት ትደብቀኛለች። የደበቀችውን ልጅ ደግሞ ሲታመምም አላየውም።»

«እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ሳይገደድ ፊደል የቆጠረ ልጅ አላጋጠመኝም» አልኳት። ሰው ሳቀ።

የእድሩ ዳኛ ቄስ ወልደኪዳን ናቸው። ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። «እድር የተመሠረተው ለመቅበር ነው፣ መምህር። መቅበርን መከልከል የእኛ ሥራ አይመስለኝም» አሉ።

«ቄስ፣ በሰማንያ ቀኗ ውኃ ውስጥ የሚነክሯትን ሕፃን ፈቃዷን ጠይቀው ያውቃሉ? ለነፍሷ ያልጠየቋትን ለሥጋዋ እንጠይቃት?»

አሁን ሳቁ በረታ። ቄሱም ፈገግ አሉ። በክርክር ማሸነፍ ደስ ይለኛል፤ የቆየ በሽታዬ ነው። እጅ ወጣ፣ ደንቡ ጸደቀ።

ደንቡ ሠርቷል፤ ይህንንም መካድ አልችልም። በታኅሣሥ የክትባት ዘመቻው ቡድን ሲመጣ መቶ አርባ ሁለት ልጆች ተሰለፉ። ባለፈው ዙር የመጡት ሠላሳ ስምንት ነበሩ። ግርግሩ ለጉድ ነበር፤ ልጁ ይጮኻል፣ እናት ትጋፋለች፣ ብዙአየሁ ከአንዱ ወደ አንዱ ትሮጣለች። በዘመቻ ጊዜ በስም አይመዘገብም፤ መርፌ በተሰጠ ቁጥር ወረቀት ላይ አንድ ሰረዝ ይሰመራል፣ እናትየዋ የነገረችው ስም ካርድ ላይ ይጻፍና ይሰጣታል። አለቀ።

በሚቀጥለው እሑድ አባላቱ ካርዳቸውን ይዘው መጡ። መዝገቡን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ካርዱን አገላብጬ እያየሁ ከየስማቸው ፊት የእድሩን ማኅተም መታሁ። ጥብቅ ነበርኩ። ቀኑ የደበዘዘበትን አንዱን መልሼዋለሁ።

ወገኔ የሚባለውን ሰውም የመለስኩት ያን ቀን ነው። ወገኔ የሰፈራችን ተወላጅ ነው፤ በልጅነቱ ወለጋ ሄዶ አርሶ፣ ወልዶ ከብዶ ሲኖር ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ፣ እናቱንና የሦስት ዓመት ልጁን ይዞ ወደ አባቱ መሬት የተመለሰ ሰው ነው። እጁን አጣምሮ ቆመ።

«ልጄ መጠለያ ውስጥ ተከትቧል፣ መምህር። ካርዱን ድንኳናችንን ጎርፍ የወሰደው ጊዜ አብሮ ወሰደው። ክንዱን ይዤ ያስወጋሁት ግን እኔው ነኝ።»

«አምንሃለሁ። ደንቡ ግን ካርድ ነው የሚለው።»

ብዙአየሁ ቢደገምለት ምንም አይሆንም፣ በሚቀጥለው ዙር እወጋዋለሁና ካርድ ያገኛል አለችው። እሺ ብሎ ሄደ። ዙሩ ሳይደርስ በጥር እናቱ ሞቱ። ጡሩምባ አልተነፋም፤ አላስነፋሁም። ወገኔ ከሁለት ዘመዶቹና ከቄሱ ጋር ሆኖ እናቱን ተሸክሞ ሲያልፍ ከደጄ ላይ ቆሜ አየሁ። አንዴ የታጠፈ ደንብ ደንብ አይደለም እያልኩ ለራሴ አስተማርኩት። ቄስ ወልደኪዳን ፍትሐት አድርሰው ሲመለሱ በአጠገቤ አለፉ፤ ሰላም አላሉኝም።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የምኖረው ከምራቴ ከሥርጉት ጋር ነው። ልጄ ቃለ አብ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ መንገድ ሰላም ሲሆን በወር አንድ ጊዜ ይመጣል። ሮዳስ የምትባል ልጅ ነበረቻቸው። መነጽሬን ከአፍንጫዬ ላይ መንጥቃ ትሮጥ ነበር፤ መሮጥ ከተባለ፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ በቂጧ ትቀመጣለች፣ ከዚያ እንድይዛት ዞራ ታየኛለች። ቁጡ ሰው ነው ይሉኛል፤ በእሷ ላይ ግን ተቆጥቼ አላውቅም።

ከሮዳስ በፊት ወንድ ልጅ ነበራቸው። በሁለተኛው ክትባቱ በሦስተኛው ቀን ሞተ። የገደለው ተቅማጥ ነው፤ ከመወጋቱም በፊት ጀምሮት ነበር። ሥርጉት ግን «መርፌው ነው፣ አባባ፤ እኔ ነኝ ወስጄ ያስወጋሁት» አለችኝ። አስረዳኋት። መቼ? በሣልስቱ፣ ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠች። አንድ ነገር ከሌላው ቀጥሎ መምጣቱና በሌላው ምክንያት መምጣቱ የተለያዩ መሆናቸውን በዝናብና በደመና ምሳሌ እያደረግሁ አስረዳኋት። እስክጨርስ ጠብቃ «እሺ አባባ» አለች። የገባት መሰለኝ።

ጎረቤታችን አስናቀች የሥርጉት የልብ ጓደኛ ናት። የእሷ ልጅ ማኅደርና የእኛዋ ሮዳስ በአንድ ቀን ተወለዱ፤ ሰማንያ ቀናቸው የሐና ዕለት ስለዋለ ቄሱ ሁለቱንም ወለተ ሐና ብለው ክርስትና አነሧቸው። እዚህ እናቶች ለጸበልም ለመርፌም የሚሰጡት የክርስትና ስም ነው፤ የቤቱ ስም ለዓይን ይጋለጣል ብለው ይፈራሉ። ስለዚህ በዚያች እሑድ ጠዋት አስናቀች ያሳየችኝ ካርድ «ወለተ ሐና፣ 11 ወር» ይላል። ጥጉ ላይ የዘይት ነጠብጣብ ነበረበት። ማኅተሜን መታሁ።

ከቀትር በኋላ ቤቴ ስገባ ሥርጉት ምሳ አቀረበችልኝና ካርድ ከጎኑ አኖረች። «ወለተ ሐና፣ 11 ወር።» ጥጉ ላይ የዘይት ነጠብጣብ።

አላየሁም ብል ውሸት ነው። አይቼዋለሁ። እጄም ካርዱ ላይ ቆየት ብሏል። ሥርጉት ምድጃው ዘንድ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማ ነበር፤ እንስራውን ይዛ አልተንቀሳቀሰችም። ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። ግን ብትነግረኝስ? የጸሐፊው የገዛ ምራት ደንቡን አጭበረበረች ሊባል ነው፤ ወይራው ሥር የሳቁልኝ ሰዎች ሊስቁብኝ ነው። ዘይት የሌለበት ቤት የለም አልኩ ለራሴ። መዝገቡን አውጥቼ ከቃለ አብ ስም ፊት ማኅተሙን መታሁ። ወጡ ጣፋጭ ነበር፣ ደግሜ በላሁ። ከሰዓት ለቃለ አብ ደውዬ «ልጅህ ተከትባለች» አልኩት፤ ደስ አለው።

በየካቲት፣ ጾሙ በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሮዳስ ማሳል ጀመረች። ሥርጉት «ጉንፋን ነው» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ መነጽሬን ልትነጥቅ አልመጣችም። በአራተኛው ጓዳው ውስጥ ጨርቅ ተጋረደ። ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ብርሃን አያይ፣ መርፌም አይንካው፣ መርፌ ከነካው ሽፍታው ወደ ውስጥ ተመልሶ ይገድለዋል ይባላል፤ ይህንን ከእናቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ጨርቁን አየሁና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አምስተኛውም ቀን እንዲሁ አለፈ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት የትንፋሿ ድምፅ እኔ የተቀመጥኩበት ድረስ መጣ። መጋረጃውን ገለጥኩት። ፊቷ በሽፍታ ጠቁሯል፣ ዓይኗ ተጣብቋል፣ ስትተነፍስ የጎድን አጥንቷ መሀል ይሰረጉዳል። ሥርጉት አቅፋት ተቀምጣ ነበር።

«አልተከተበችም» አለችኝ፣ ሳልጠይቃት።

«አውቃለሁ» አልኳት።

ይህን ስል ቀና ብላ ያየችኝ አስተያየት ከፊቴ አይጠፋም። እሷ እኔን ፈርታ ደበቀች፤ እኔ እያወቅሁ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ ሁለታችንም አንዱን ነገር ስንደባበቅ ኖርን። ልጅቷ ግን መሀላችን ነበረች።

ያን ሰዓት ወጥቼ ጡሩምባ ማስነፋት ነበረብኝ። ስምንት ጎበዝ እየተቀባበለ በአንድ ሰዓት ተኩል አንኮበር ያደርሳታል። ስምንት ጎበዝ ግን ስምንት ጥንድ ዓይን ነው። ሽፍታዋን ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፤ ሥርጉትና አስናቀች ከእድሩ ይወጣሉ፤ እኔም እወጣለሁ። «እኛው እንወስዳታለን» አልኩ። በጋቢ ጠቀለልናትና ሁለታችን እየተፈራረቅን ተሸክመን ዳገቱን ያዝነው። ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በየመቶ እርምጃው አረፍኩ። መንገድ ላይ ያገኘን ሰው «ምን ሆና ነው?» ሲል «ጉንፋን» አልኩ። አራት ሰዓት ፈጀብን።

ጤና ጣቢያው ደጅ ላይ ወረፋ ነበር። ከፊታችን የቆመችው የሰፈራችን ሰው ፍቅረ ማርያም ነበረች፤ ለእግሯ ቁስል መጥታ ነው። ልጅቷን ስታይ ደንግጣ ቦታዋን ለቀቀችልን፣ አብራንም ገባች። ነርሷ ጋቢውን ስትገልጥ ፊቷ ተለወጠ።

«ኩፍኝ ነው፤ ሳንባዋን ይዞታል። ተከትባለች?»

ሥርጉት አየችኝ። ፍቅረ ማርያም አየችኝ። «አዎ» አልኩ።

አንዲት ቃል ናት። ነርሷ ሌላ አልጠየቀችም፣ ጊዜም አልነበራትም። መድኃኒት ሰጠቻት፣ የምትችለውን አደረገች፤ ደብረ ብርሃን ካልደረሰች አይሆንም አለች። መንገዱ ግን ያን ቀን ተዘግቶ ነበር፤ መኪና አያልፍም ተባለ። «ትናንት ብታመጧት» አለች ነርሷ፣ ለእኛ ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር። ሮዳስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተች። ሥርጉት አልጮኸችም። ልጇን መልሳ በጋቢው ጠቀለለቻት፤ በመጣንበት ቁልቁለት ይዛት ወረደች። ላግዝሽ ብላት አልሰጠችኝም።

በማግስቱ ጡሩምባ ተነፋ። ሰፈሩ ሁሉ መጣ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ለሕፃን እንዲህ ያለ ቀብር ታይቶ አይታወቅም አሉ። ለእኔ ብለው ነው። ወገኔም መጣ፤ ከድንኳኑ ጥግ ቁጭ አለ። ላየው አልቻልኩም። ያን ጊዜ ቆሜ «ይህች ልጅ አልተከተበችም፤ በደንቡ መሠረት እድሩ ሊቀብራት አይገባውም» ማለት ነበረብኝ። የወገኔን እናት ያስቀረሁበት አፍ ይህን ሊል አልቻለም። የልጅ ልጄን በእድር አስቀበርኩ።

ቃለ አብ መንገድ ተከፍቶለት የደረሰ በአራተኛው ቀን ነው። መቃብሯን አይቶ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«አባባ፣ ተከትባለች ብለውኝ አልነበረም?»

«ብዬህ ነበር።»

«ታዲያ መርፌው ምን ያደርጋል?»

«ለቀስተኛ መጣ» ብዬ ተነሣሁ። ጥያቄው ግን ከእሱ አፍ የወጣ ብቻ አልነበረም። ፍቅረ ማርያም ከጤና ጣቢያው የሰማችውን ቃል ለጎረቤቷ ነግራ ነበር፤ ጎረቤቷም ለሌላዋ። በገበያ ቀን አሊዩ አምባ ድረስ ወረደ። የመምህሩ የልጅ ልጅ ተከትባ ሞተች። ቀጥሎ ደግሞ ክትባቱ ነው የገደላት ሆነ። ቀጥሎ የመምህሩ ቤት ሁለተኛ ልጅ ነው፣ የፊተኛውንም መርፌ ነው የበላው ተባለ። ሥርጉት በወንድ ልጇ ሣልስት የነገረችኝን፣ እኔ በደመናና በዝናብ ያፈረስኩባትን ነገር፣ አሁን አገሩ ሁሉ ያወራው ጀመር።

በመጋቢት ብዙአየሁ የክትባት ሳጥኗን ይዛ ስትመጣ ወይራው ሥር የጠበቋት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ ልጁን የያዘ ወገኔ ነበር። የኩፍኝ ክትባት አንዱ ብልቃጥ ለዐሥር ልጅ ነው፤ አንዴ ከተበጠበጠ አያድርም። እስከ ቀትር ጠበቀች። ከዚያ ለሁለቱ ልጆች ብላ ከፈተችው፣ የስምንቱን ደፋችው። ሳጥኗን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች ቤቴ መጣች።

«መምህር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ሮዳስ ተከትባ ነበር?»

«አልተከተበችም።»

ደጃፌ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትቆጣኝ ደስ ባለኝ። «ከላይኛው ሰፈር ሁለት ቤት ሳል አለ፤ በር አይከፍቱልኝም» አለች። «እኔን አያምኑኝም። እርስዎ ይንገሯቸው።»

እሑድ ተነሥቼ ነገርኳቸው። ወይራው ሥር፣ ሁሉም ባለበት፣ ያየሁትን የዘይት ነጠብጣብ ሳይቀር ነገርኳቸው። የካርዱን ባለቤት ስም አልጠራሁም። መጥራትም አላስፈለገም፤ በሰፈሩ ያሉት ወለተ ሐናዎች ሁለት ብቻ እንደነበሩ ሁሉም ያውቃል። ዓይን ሁሉ ወደ አስናቀች ዞረ። ባሏ አጠገቧ ነበር፤ ልጇ ማኅደር ጀርባዋ ላይ ተኝታለች።

«እኔ ለማንም ካርድ አልሰጠሁም» አለች አስናቀች። «እንድምልላችሁ ነው የምትፈልጉት? በሐና ስም፣ አልሰጠሁም!»

ቄስ ወልደኪዳን ሥርጉትን አስጠሯት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች፤ ወደ እኔ አላየችም።

«ልጄ ተከትባለች» አለች። «ካርዷን ለአባባ አሳይቻለሁ።»

አንዱ መዝገቡን ከእጄ ወስዶ ገለጠው። ከቃለ አብ ስም ፊት ማኅተሙ ቁልጭ ብሎ አለ፤ ያንን ማኅተም ከእኔ በቀር የሚይዘው የለም። «መምህር፣ ይኼን ማን መታው?» አለኝ። ከኋላ አንድ ድምፅ «የጤናዋ ልጅ ለምናው ነው፤ ሥራዋ እንዳይቀር» አለ። ሌላው «የገዛ ምራቱን ሊያዋርድ!» አለ። እኔ መናገሬን ቀጠልኩ። ድምፄ እንደ ክፍል ውስጥ ከፍ ብሎ ነበር፤ ግን የሚሰማኝ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያመኑኝ ሰዎች እውነቱን ስነግራቸው አላመኑኝም፤ ያመኑኝ ስዋሽ ነበር።

«ሐዘን ላይ ነዎት፣ መምህር» አሉኝ ቄሱ በርኅራኄ። «ይቀመጡ።»

ደንቡ ይሰረዝ ተባለ። ያልወጣ እጅ አልነበረም። እስክሪብቶውን ሰጡኝና እኔው ሰረዝኩት። ደንቡ መሰረዙ አልነበረም ያቃጠለኝ፤ የወገኔን እናት አንድም ሰው አላነሣም፣ ወገኔም ስለ እናቱ ምንም አላለም። የተሰረዘው መርፌው ልጅ ይገድላል ተብሎ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ሥርጉት ከፊቴ ትሄድ ነበር። «ለምን እንዲህ አደረግሽ?» አልኳት።

«አስናቀች ምን አደረገችኝ፣ አባባ? ለመንኳት፣ ሰጠችኝ። ደንብዎ ሳይሰረዝ እውነቱን ብናገር አስናቀችን ማን ይቀብራታል?»

«ለእኔስ መጀመሪያውኑ ለምን አልነገርሽኝም? አላስከትብም ብትዪኝ እኮ...»

ቆመችና ዞረች። «ነግሬዎት ነበር» አለች። «ወንድሟ የሞተ ጊዜ ነግሬዎት ነበር። እርስዎ አስረዱኝ።»

ከዚያ ወዲያ አልተነጋገርንም። ምግቤን ታቀርባለች፣ እበላለሁ። ቃለ አብ ወደ ደብረ ብርሃን ሊወስዳት ቤት እየፈለገ ነው፤ ብትሄድ አልፈርድባትም።

ትናንት ወደ ላይኛው ሰፈር ወጣሁ። ብዙአየሁ ያለችኝ ሁለት ቤት አሁን አምስት ሆኗል፤ አንደኛው የፍቅረ ማርያም ነው። በሩን ስመታ ከውስጥ ሳል ይሰማኝ ነበር፤ ያ ሳል ነው፤ የማውቀው ሳል። ሁለት ልጆች አሏት። በሩን ገርበብ አድርጋ ከፈተችና በክፍተቱ ቆመች። ከኋላዋ ጨለማ ነበር፤ መስኮቱን በጨርቅ ደፍናዋለች።

«ፍቅረ ማርያም፣ ልጆቹን እናውጣቸው» አልኳት። «ክትባት አይደለም የምልሽ፤ ጤና ጣቢያ ይድረሱ ነው። ቃሬዛ አሁኑኑ አስመጣለሁ። ትንፋሻቸው ሳይያዝ።»

«እዚያም ያለው መርፌ ነው፣ ጋሼ።»

«መድኃኒት ነው። ስሚኝ፣ ልጄ፤ እኔ ስድስት ቀን አሳልፌ ነው የቀበርኳት።»

«እርስዎ አስከትበው እንኳ አልዳነችም» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ እያዘነችልኝ ነበር። «ተከትባለች ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ እኮ።»

«ዋሽቼ ነው። ፍቅረ ማርያም፣ በመድኃኔ ዓለም፣ ዋሽቼ ነው! አልተከተበችም። አውቅ ነበር።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከውስጥ ትንሹ ልጅ እንደገና ሳለ፤ ከዚያ ትንፋሹን ለመሳብ ሲታገል ተሰማኝ።

«እግዜር ያጽናዎት፣ ጋሼ» አለችኝ፣ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።